የዴንጊ ፈጣን መመርመሪያ ካሴት፦ መስመሮቹ ስለ ደም ሥር የሚነግሩንና የማይነግሩን

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በተለያዩ አምራቾች ስም የሚቀርበውን ጥምር የዴንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት) ፈጣን መመርመሪያ ነው። በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ሁለት ካሴቶች ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ኤንኤስ1 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርታቸውን አይጂኤም እና አይጂጂ የተባሉትን አንቲቦዲዎች ይፈልጋል። የአንዱን አምራች ዕቃ ከሌላው ጋር ማወዳደር ዓላማዬ አይደለም። በአሠራራቸው ተቀራራቢ ስለሆኑ በላብራቶሪ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ የሚገጥመን ጥያቄ አንድ ነው፦ በካሴቱ ላይ የወጣው መስመር ስለ ታካሚው የደም ሥሮች ምን ይነግረናል?

ጥያቄውን በዚህ መልክ ያቀረብኩት ከባድ ዴንጊ የሚገድለው በትኩሳቱ ብዛት ስላልሆነ ነው። ገዳዩ ነገር ፈሳሹ የደም ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው፣ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልኮ መውጣቱ፣ በዚህም ምክንያት የሚዘዋወረው ደም ቀንሶ ታካሚው ሾክ (ለአካል ክፍሎች በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ) ውስጥ መግባቱ ነው። ከባድ የደም መፍሰስና የጉበት፣ የልብ ወይም የአንጎል ጉዳት ራሳቸውን ችለው ሊመጡ ቢችሉም፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይታከም የቆየን ሾክ ተከትለው የሚከሰቱ ናቸው። በዚህ መመዘኛ ሲታይ ካሴቱ ትኩሳቱ የዴንጊ መሆኑን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመለየት ጥሩ ዕቃ ነው፤ ማን ወደ ሾክ እንደሚሄድ ለመናገር ግን አልተሠራም። ብዙ ሐኪሞችና የታካሚ ቤተሰቦች ከውጤቱ የሚጠብቁት ደግሞ ይህንኑ ሁለተኛውን መልስ ስለሆነ፣ የካሴቱን አቅምና ወሰን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም። ሴረም፣ ፕላዝማ ወይም ሙሉ ደም ይቀበላል፤ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ደምም ለብዙዎቹ ይበቃል። በውስጡ ያለው ወረቀት ፈሳሹን ወደ ላይ እየሳበ ሲወስድ፣ ከጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ጋር የተያያዙ አንቲቦዲዎች የሚፈለገውን ነገር ይዘው ይጓዙና መስመሩ ላይ ሲደርሱ ተይዘው ይቀራሉ፤ ቀላ ያለው ወይም ሐምራዊው ቀለም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱ በአብዛኞቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነበባል። ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው እንደገና መሠራት አለበት፤ ደብዛዛ መስመር በጊዜው ከታየ ግን እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል። ከተወሰነው ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለ መስመር መቆጠር የለበትም፤ በሥራ ጫና ምክንያት ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ዘግይቶ ሲነበብ የሚፈጠረው ስሕተት ቀላል አይደለም።

ካሴቱን ከብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ለየት የሚያደርገው የሚፈልገው ፕሮቲን ራሱ በበሽታው ጉዳት ውስጥ እጁ ያለበት መሆኑ ነው። ኤንኤስ1 በቫይረሱ ቅንጣት ውስጥ ታሽጎ የሚጓዝ ፕሮቲን አይደለም። የተጠቁት ሕዋሳት አምርተው ወደ ደም ይለቁታል፤ ስድስት አሃዶች ተያይዘው በርሜል መሰል ቅርጽ ይይዛሉ፣ የበርሜሉም መሐል በስብ የተሞላ ነው። ትኩሳት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በደም ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ለምርመራ ምቹ መሆኑ ቀደም ብሎ ታወቀ። በደም ሥር ላይ በቀጥታ የሚያደርሰው ጉዳት ጎልቶ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኢቫ ሃሪስ ቡድን እና በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የፖል ያንግ ቡድን ባወጧቸው ሥራዎች፣ ፕሮቲኑ ቫይረሱ በሌለበት ብቻውን የደም ሥርን ውስጠኛ ሕዋሳት ሽፋን እንደሚያሳልል፣ በአይጦችም ላይ ተመሳሳይ መሹለክ እንደሚያስከትል አሳዩ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ ማሰብ ይጠቅማል። የደም ሥር ከውስጥ በኩል ኢንዶቴሊየም በሚባሉ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተነጠፈ ነው፤ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ደግሞ ግላይኮካሊክስ የሚባል፣ ከስኳር ሰንሰለቶችና ከፕሮቲኖች የተሠራ ስስ ሽፋን አለ። ሳር የለበሰ መሬት አፈሩን ከጎርፍ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ይህ ሽፋን አልቡሚንን የመሰሉ የፕላዝማ ፕሮቲኖች ከሥሩ ውስጥ ተጠርገው እንዳይወጡ ይይዛል፤ ፕሮቲኖቹ ከቀሩ ውኃውም አብሯቸው ይቀራል። ኤንኤስ1 በሕዋሳቱ ላይ ሲያርፍ የራሳቸውን የሕዋሳቱን ኢንዛይሞች ያስነሣል። ሲያሊዴዝ የተባሉት ሲያሊክ አሲድን ከሽፋኑ ይቆርጣሉ፤ ካቴፕሲን ኤል የተባለው ደግሞ ሄፓራኔዝን ወደ ሥራ ያስገባዋል፣ እርሱም ሄፓራን ሰልፌት የተባለውን የስኳር ሰንሰለት ይበጣጥሳል። የተቆረጡት ስብርባሪዎች በደም ውስጥ ይገኛሉ፤ በከባድ ዴንጊ በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ሲንዴካን1ን የመሳሰሉ የሽፋኑ ክፍሎች ከፍ ብለው የሚለኩት ለዚህ ነው። ከሽፋኑ ሥር ያለው ሁለተኛው መከላከያ፣ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው መጋጠሚያ፣ እርሱም ይላላል።

ጉዳቱን ኤንኤስ1 ብቻውን ያደርሰዋል ማለት ግን አይደለም፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። ፕሮቲኑ ቲኤልአር4 በተባለው ተቀባይ በኩል የመከላከያ ሕዋሳትን ቀስቅሶ ቲኤንኤፍ አልፋንና ሌሎች አቀጣጣይ ኬሚካሎችን ያስለቅቃል። ማስት ሴል የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ካይሜዝን የመሰሉ የደም ሥርን የሚያላሉ ነገሮች ይለቃሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ፕሌትሌቶች፣ ሲቀንሱ ደግሞ መርጋት መታወኩ ብቻ ሳይሆን፣ የደም ሥርን ጸጥ አድርጎ የሚያቆየው አንጂዮፖየቲን1 ዋና ማከማቻው እነርሱ ስለሆኑ እርሱም ይቀንሳል፤ ተቃራኒው አንጂዮፖየቲን2 ግን ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣ ጫና ነው፤ አንዲት ቀይ መስመር ይህን ሁሉ ትወክላለች ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ለሕክምናው ከሁሉ የሚበልጥ ትርጉም ያለው ግን ጉዳቱ የሚመለስ መሆኑ ነው። በዴንጊ የደም ሥሮቹ አይቀደዱም፣ ሕዋሳቱም በጅምላ አይሞቱም፤ በሞቱ ሰዎች አስከሬን ላይ በተደረጉ ምርመራዎች በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የታየው የአካል መፍረስ ሾኩ ከሚያስገምተው እጅግ ያነሰ ነው። የሚበላሸው የማጥለል ሥራቸው ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ ይስተካከልና በሳንባ ዙሪያና በሆድ ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ደም መመለስ ይጀምራል። የከባድ ዴንጊ ሕክምና በትክክል የተሰጠ ፈሳሽ ላይ የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው፦ ሥሮቹ እስኪያገግሙ ድረስ ደሙ እንዲዘዋወር በቂውን መስጠት፣ ሲያገግሙ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መቀነስ። በማገገሚያው ወቅት በደም ሥር መሰጠቱን የቀጠለ ፈሳሽ ሳንባን ያጥለቀልቃል። በጥሩ ክትትል የከባድ ዴንጊ ሞት ከ1 በመቶ በታች ሊወርድ መቻሉ፣ ካልታከመ ግን 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ መቻሉ የዚህን አጭር ጊዜ ክብደት ያሳያል።

እንግዲህ ካሴቱ ኤንኤስ1ን ካገኘ የደም ሥሮቹ አደጋ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል? አይቻልም። መጀመሪያ ነገር ካሴቱ የሚመልሰው አለ ወይም የለም ብሎ ነው፤ መጠን አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የታይላንድ ሕፃናት ጥናት፣ ሕመሙ ከጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 600 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ኤንኤስ1 መገኘቱ ወደ ከባዱ መልክ ከመሄድ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ መጠኑ ትርጉም አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በካሴቱ ላይ የመስመሩ መድመቅ ወይም መደብዘዝ ለዚህ ልኬት ተብሎ አልተሠራም። "መስመሩ በጣም ደማቅ ስለሆነ ይህ ታካሚ ይብስበታል" የሚል አነጋገር ስሰማ የምቃወመው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል አብዛኞቹ ኤንኤስ1 የተገኘባቸው ሰዎች ከባድ ሕመም ሳያገኛቸው ይድናሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። የዴንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው፤ በአንዱ ተይዞ የዳነ ሰው በሌላኛው ሲያዝ ለከባድ ሕመም ያለው ዕድል ከፍ ይላል። የዴንጊ ተመራማሪው ስኮት ሃልስቴድ ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲያብራሩት እንደቆዩት፣ ከመጀመሪያው ኢንፌክሽን የቀሩት አንቲቦዲዎች አዲሱን ዓይነት ማምከን ሲያቅታቸው ቫይረሱ ወደ መከላከያ ሕዋሳት በቀላሉ እንዲገባ ሊረዱት ይችላሉ። እነዚሁ አንቲቦዲዎች ግን በደም ውስጥ ኤንኤስ1ን ይዘው ስለሚሸፍኑት ካሴቱ ፕሮቲኑን ማግኘት ይሳነዋል፤ ፕሮቲኑም በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በመሆኑም ካሴቱ ደጋግሞ የሚስተው የደም ሥሩ ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠውን ታካሚ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ኔጌቲቭ ውጤት ይዞ ታካሚውን ወደ ቤት ሲያሰናብት፣ ዕቃው ሳይበላሽ በዕቃው ምክንያት ጉዳት ይደርሳል።

ጥምር ካሴቱን ኤንኤስ1 ብቻ ከሚፈልገው አስበልጬ የምመርጠው ለዚህ ነው። አይጂኤም ብዙውን ጊዜ ከትኩሳቱ አራተኛ ወይም አምስተኛ ቀን ጀምሮ ይታያል፤ በሁለተኛ ኢንፌክሽን ግን አይጂጂ ፈጥኖና በብዛት ይወጣል። ኤንኤስ1 ባይገኝም በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት አይጂጂ ጎልቶ ከታየ የሁለተኛ ኢንፌክሽን ጥርጣሬ መነሣት አለበት። እዚህ ላይ የየአምራቹን መመሪያ ማንበብ ግድ ይላል፤ አንዳንዶቹ የአይጂጂ መስመር መጠኑ ከፍ ሲል ብቻ እንዲወጣ አድርገው ይሠሩታል፣ ሌሎቹ ግን ከዓመታት በፊት ያለፈ ኢንፌክሽን ትቶት የሄደውንም ያሳያሉ። በጨቅላ ሕፃናት ደግሞ አይጂጂው የእናትየው ሊሆን ይችላል። የእናትየው አንቲቦዲ እየቀነሰ በሚሄድበት በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት አጋማሽ ላይ ሕፃናት በመጀመሪያ ኢንፌክሽናቸውም ለከባድ ዴንጊ መጋለጣቸው ስለሚታወቅ፣ መስመሩን የእናት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

በአንቲቦዲ መስመሮቹ ላይ አንድ ድክመት አለ። ዚካ፣ ቢጫ ወባ፣ የምዕራብ ናይል ቫይረስና ሌሎች የዚሁ ቤተሰብ አባላት፣ እንዲሁም በእነርሱ ላይ የተሰጡ ክትባቶች፣ መስመሩን በሐሰት ሊያስወጡት ይችላሉ። ኤንኤስ1 በዚህ ረገድ የተሻለ ታማኝ ነው። በነገራችን ላይ የእነዚህ ቫይረሶች ኤንኤስ1ዎች በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ እያንዳንዱ የሚያሳልላቸው የደም ሥሮች በሽታው ከሚያጠቃው አካል ጋር ተቀራርበው መገኘታቸው ያስደንቃል፤ የምዕራብ ናይል በአንጎል ሥሮች ሕዋሳት ላይ ሲበረታ፣ የዴንጊው ግን የሳንባን፣ የቆዳን፣ የጉበትንና የአንጎልን ሥሮች ሕዋሳት ሁሉ ይነካል።

ከሁሉ በላይ ካሴቱን የሚፈትነው ጊዜ ነው። የዴንጊ ትኩሳት በአብዛኛው ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ የፕላዝማው መሹለክ የሚበረታው ትኩሳቱ በሚወርድበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ሰውነቱ በረደ ብሎ እፎይ ሲል የደም ሥሮቹ መሹለክ ሊጀምሩ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ የቫይረሱ መጠን እየወረደ ስለሆነ ኤንኤስ1ም በብዙዎች እየጠፋ ነው። በስድስተኛው ቀን ካሴቱን ደግሞ መሥራትና መስመሩ ስለጠፋ ታካሚው ድኗል ብሎ መደምደም በተግባር ያየሁትና እጅግ አደገኛ የሆነ አነባበብ ነው። ካሴቱ የመዳን ማረጋገጫ ሆኖ እንዲያገለግል አልተሠራም፤ ፖዘቲቭ ውጤት ከተገኘ በኋላ ደጋግሞ መሥራቱም ዕቃ ማባከን ነው።

የደም ሥሩን ሁኔታ የሚናገረው ከካሴቱ አጠገብ ያለው አሮጌው መሣሪያ ነው፤ ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋሳት ከጠቅላላው ደም የሚይዙት ድርሻ በመቶኛ) የሚለካበትን፣ ደምን በፍጥነት የሚያሽከረክረውን አነስተኛ ሴንትሪፉጅ ማለቴ ነው። ፕላዝማው ሲወጣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በሥሩ ውስጥ ስለሚቀሩ ደሙ ይወፍራል፣ ሄማቶክሪቱም ይወጣል፤ ከመነሻው በ20 በመቶ መጨመሩ የመሹለክ ምልክት ነው። በ38 የጀመረ ሰው 46 ከደረሰ ከዚህ ወሰን አልፏል። ይበልጥ የሚያሳስተው ቀድሞውኑ የደም ማነስ ያለበት ሰው ነው፤ ከ30 ተነሥቶ 36 ቢደርስ ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ምንም የማያስደነግጥ ሆኖ ሳለ ጭማሪው ያው 20 በመቶ ነው። ስለሆነም ካሴቱ በተሠራበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያው ከጣት ጫፍ ደም በቀጭኗ ብልቃጥ ጥቂት ወስዶ የመነሻውን ሄማቶክሪት መመዝገብ፣ ካሴቱ ብቻውን ሊሰጠው የማይችለውን ጥቅም ይሰጣል። ታካሚው እየደከመ ሄማቶክሪቱ በድንገት ከወረደ ደግሞ የተደበቀ የደም መፍሰስ መታሰብ አለበት።

የደም ግፊት መለኪያውም እንዲሁ ችላ ሊባል አይገባም። በዴንጊ ሾክ የላይኛው ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ የሚጠበው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። 100 በ80 የተመዘገበለት ሰው ላይኛው ቁጥር ደህና ቢመስልም ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ፣ በተለይ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሾክ ውስጥ ነው ተብሎ መታከም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የዘረዘራቸው የማስጠንቀቂያ ምልክቶች፣ ማለትም ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ የጉበት ማበጥ፣ በሆድ ወይም በሳንባ ዙሪያ የፈሳሽ መጠራቀም፣ እንዲሁም ፕሌትሌት በፍጥነት እየወረደ ሄማቶክሪት መጨመሩ፣ ከማንኛውም መስመር ቀድመው ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም ፖዘቲቭ ውጤት በጊዜው መገኘቱ የሚያስገኘውን ጥቅም ማሳነስ አልፈልግም። ፕሌትሌቱ እየቀነሰ፣ ሥሮቹም እየላሉ ባለበት ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ ስለሚያባብሱ፣ ዴንጊ መሆኑ እንደታወቀ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ብቻ ማስታገስ ይቻላል። አላስፈላጊ አንቲባዮቲክም ይቀራል። ቤተሰቡም በየትኞቹ ቀናት ነቅቶ መጠበቅ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ይህን ያህል ነገር ከጥቂት የደም ጠብታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ማግኘት ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ትልቅ ነገር ነው።

የአይጂጂ መስመሩን ከክትባት በፊት ለማጣሪያ መጠቀም የሚፈልጉም አሉ። ጥያቄው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው የዴንጊ ክትባት ከዚህ በፊት ተይዘው በማያውቁ ሰዎች ላይ ኋላ የከባድ ሕመምን ዕድል እንደሚጨምር በመታወቁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከክትባቱ በፊት ምርመራ እንዲደረግ መክሯል። ለትኩሳት ታካሚ የተሠራው ካሴት ግን ለዚህ አይሆንም፤ የቆየና መጠኑ የቀነሰ አንቲቦዲን ሊስት ይችላል።

በአምራቾቹ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ በመመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ያነበብኳቸው ወረቀቶች ስለ ጠብታው ብዛት፣ ስለ ማስቀመጫው ሙቀትና ስለ ደቂቃው በጥንቃቄ ይጽፋሉ፤ ኔጌቲቭ ውጤት ዴንጊ አለመኖሩን እንደማያረጋግጥ ግን በጥቃቅን ፊደል አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ፣ ስለ ሁለተኛ ኢንፌክሽንም ተጠቃሚው ሊረዳው በሚችለው ቋንቋ አያብራሩም። ይህ መጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን ነበረበት። ወደፊት ደግሞ መጠን የሚለካ ንባብ ቢጨመርና ከግላይኮካሊክሱ የተቆረጡትን ክፍሎች የሚፈልግ መስመር ቢኖር፣ ካሴቱ ወደ ደም ሥሩ አንድ እርምጃ ይቀርብ ነበር። እስከዚያው ድረስ ካሴቱን የሚገዙ የጤና ተቋማት በውጤት መስጫ ወረቀታቸው ላይ ከኤንኤስ1፣ ከአይጂኤም እና ከአይጂጂ ቀጥሎ ሦስት ባዶ ቦታዎችን እንዲያስገቡ እመክራለሁ፦ ትኩሳቱ ከጀመረ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ የመነሻው ሄማቶክሪት ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም በላይኛውና በታችኛው የደም ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ስንት እንደሆነ የሚጻፍባቸው።